አረንጓዴ ሐር የለበሰው ድጋፍ

ዙሪያዋን በድንጋይ የታጠረች፣ ሦስት በር ያላት አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ስሟ ይቅር፤ ብንጠራው ሰዎቿ «እኛ አይደለንም፣ ማዶ ያሉት ናቸው» ማለታቸው አይቀርም። በዚህች ከተማ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ አዛውንት ግንበኛ ይኖሩ ነበር። ሸህ ያሰኛቸው ኪታብ ነው፤ ያኖራቸው ድንጋይ። ቀን ሲጠርቡና ሲገነቡ ይውላሉ፤ ማታ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ደግሞ በዚያው ኖራ በሰነጣጠቀው እጃቸው ኪታብ ገልጠው ተማሪዎችን ያስቀራሉ፣ ያስተምራሉ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ጉልበታቸው ለሩኩዕ ጎንበስ ለማለት እሺ ይላል፤ ግንባር መሬት ከሚነካበት ከሱጁድ ለመነሳት ግን ይከራከራቸዋል።

የከተማዋን ትልቁን መስጂድ ሲገነቡ ሰባት ዓመት ሆናቸው። ሰባት ዓመት ሲያወሩት ቀላል ነው። አንዱን ዓመት ድንጋይ ጠፋ፣ አንዱን ዓመት ዝናብ ጠፋ፣ ሌላውን ዓመት ደግሞ ጀመዓው «በሩ ወደዚህ ይሁን፣ ወደዚያ ይሁን» ሲባባል መሠረቱ ላይ ሣር በቀለ። ሸህ ቡሽራ ሁሉንም ቻሉ። መቻል ግን ያደክማል፤ ሶብር የሚያደርግ ሰው የማይደክመው የሚመስለው ሶብር አድርጎ ለማያውቅ ሰው ነው።

በሰባተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከአገራቸው መልእክት መጣላቸው። አገራቸው የስምንት ቀን መንገድ ነው። በመካከሉ አንድ ትልቅ ወንዝ አለ፤ ሰኔ ገብቶ አንዴ ከሞላ እስከ መስከረም ሰው አያሻግርም። መልእክቱን የላከችው ታላቅ እህታቸው ከድጃ ናት። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ሲሞቱ እሳቸውን አዝላ፣ የሰው እህል ፈጭታ ያሳደገች ከድጃ። መልእክተኛው ቃሏን ሳይጨምር ሳይቀንስ አደረሰ፦

«ዓይኔ ጠፍቷል፣ መልክህን አላይም። ጆሮዬ ግን አለ። ከክረምቱ በፊት ና፣ ድምፅህን ልስማ። ሌላ ክረምት የምሻገር አይመስለኝም።»

«ከክረምት በፊት እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ በላት» አሉ ሸህ ቡሽራ። ኢንሻአላህን እንደ አንዳንዶቻችን ለማምለጫ አልተጠቀሙባትም፤ አስበውባት ነው ያሏት።

ከክረምት በፊት ወደዚያ አገር የሚሄደው የመጨረሻው የነጋዴ ቅፍለት የሚነሳው በግንቦት ማብቂያ፣ ቅዳሜ ጧት ነው። የመስጂዱ ምረቃ ደግሞ ለዐርብ ተቆረጠ። ዐርብ መርቆ ቅዳሜ መሄድ። ሲያስቡት የሚያምር ነገር ነበር፤ አንድ እንጨት ባይኖር።

መስጂዱ ደጃፍ ላይ ሰፊ ቅስት አለ። ቅስት እንዴት እንደሚሠራ ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከሥር የእንጨት ድጋፍ ይቆማል። ድንጋዩ በድጋፉ ላይ ከግራና ከቀኝ እየተደረደረ ይወጣና መሃል ላይ በአንድ ድንጋይ ይቆለፋል። ከዚያ ኖራው አርባ ቀን ይደርቃል። በአርባኛው ቀን ከእንጨቶቹ እግር ሥር የተመቱት ሽብልቆች በዝግታ ይላላሉ፣ እንጨቱ ይወጣል፣ ድንጋዩ ራሱን ችሎ ይቆማል። ወይም ይወድቃል። ቅስት መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያው እንጨት ላይ የተከመረ ድንጋይ ነው።

ይህ ቅስት የተቆለፈው ከምረቃው አሥራ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። ከተሸከሙት ስድስት እንጨቶች ወፍራሙ የሸሪፋ ነው። ሸሪፋ ከመስጂዱ ጀርባ የምትኖር፣ ሃምሳን የተሻገረች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ የቤታቸው ጣሪያ መሃል ለመሃል ሲጎብጥ ጊዜ ከሥሩ ሊያቆመው አንድ የዝግባ ግንድ አስጠርቦ ነበር፤ ሳያቆመው ሞተ። የመስጂዱ ሰዎች ከሦስት ዓመት በፊት «ለአንድ በጋ» ብለው ተዋሱት። ሦስት በጋ አለፈ። ግንዱ ከአንዱ ቅስት ወደ ሌላው ሲዛወር፣ የሸሪፋ ጣሪያ በአንዲት ጠማማ የግራር እንጨት እየተደገፈ ቆየ።

ሐሙስ ከሰዓት የሥራው አሠሪ ሐጂ ነስሩ መጣ። የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ መስጂዱ እንዲሠራ ከማንም በላይ የሮጠ ሰው ነው፣ ሐቁን መንፈግ አይገባም። ሁለት ጣቃ አረንጓዴ ሐር አሸክሟል።

«ይሄ ምንድነው ሐጂ?» አሉ ሸህ ቡሽራ፣ ጥላ ሥር እንደተቀመጡ።

«ለእንጨቱ ነው ሸህዬ። ነገ እኮ ከማዶ ከተማ ትልቁ ሸህ ይመጣሉ። እንዲህ ያለ የተራቆተ ግንድ እያዩ ይግቡ?»

«ድጋፍ ነው። ድጋፍ ድጋፍ ቢመስል ምን ነውር አለው?»

«ለአንድ ቀን ነው! ቅዳሜ አነሳዋለሁ።»

ሸህ ቡሽራ መልስ ነበራቸው። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ስለ ድንጋይ፣ ስለ ኖራ፣ ስለ ደረጃ ቁመት ተከራክረዋል። ለአንድ ጊዜ እንኳ «እሺ» ማለት አማራቸው።

«እሺ» አሉ።

ዐርብ ዕለት ከተማው ጢም አለ። ትልቁ ሸህ በበቅሎ መጡ፣ ደጃፉ ላይ ወረዱ፣ ቀና ብለው አዩ። ስድስቱ እንጨቶች ከእግር እስከ ራስ በአረንጓዴ ሐር ተጠምጥመው፣ በነጭ ክር ታስረው ቆመዋል።

«ማሻአላህ!» አሉ እንግዳው። «መስጂድ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያሉ ምሰሶዎች ግን የትም አላየሁ!»

ሐጂ ነስሩ አፉን ከፈተ። «ምሰሶ አይደሉም» ለማለት ጊዜ ነበረው። «አልሐምዱሊላህ፣ የአላህ ተውፊቅ ነው፣ እሱ ረድቶን ነው» አለ።

ሸህ ቡሽራ ከኋላ ቆመው ሰሙ። ሰምተውም ዝም አሉ። ኹጥባ ተደረገ፣ ጁሙዓ ተሰገደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ የታረደው ተበላ። የእንግዳው እጅ በሸህ ቡሽራ ትከሻ ላይ አንድ ጥቁር ካባ ጣለ፤ «አላህ ይቀበልዎ፣ ሥራዎን ጨረሱ» ተባሉ። «አሚን» አሉ። 

እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ ሸሪፋ ደጃፉ ላይ ቆማ የአንዱን እንጨት ጨርቅ እስከ ጉልበቱ ገልባዋለች። አንድ ጎኑ በጭስ የጠቆረ የዝግባ ግንድ ታየ።

«እንዴ! የኔ ግንድ ነው!» አለች። «እኔ እቤት ጣሪያ ሊወድቅብኝ ነው፣ እሱ እዚህ ሐር ለብሶ ይመረቃል። መቼ ነው ሐጅ አድርጎ የመጣው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሐጂ ነስሩ አልሳቀም።

«እሜት ሸሪፋ፣ የዛሬን ቀን እንኳ ተይን።»

«ሦስት ዓመት ተውኩህ እኮ ነስሩ። ዝናቡ ነው የማይተወኝ።»

«በሱ ፈንታ ሁለት አዲስ ግንድ እሰጥሻለሁ። በቃ?» ከዚያ ወደ ሸህ ቡሽራ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሸህዬ፣ አስቤበታለሁ። እንጨቱ ባይወጣስ? ትልቁ ሸህ አመስግነውታል፣ አገሩ ሁሉ ምሰሶ ብሎታል። ኖራ እንለስነውና እንደ ምሰሶ ይቅር። እርስዎም ነገ በሰላም ይሂዱ። እንጨቱ ካለ ቅስቱ ይወድቃል?»

«አይወድቅም።»

«እንግዲያ ምን ቀረ?»

«ምስጥ አለ» አሉ ሸህ ቡሽራ። «በኖራው ውስጥ ሆኖ ሲበላው አይታይም። አንዱን እንጨት ከሌላው ቀድሞ ይጥልና ቅስቱን ያናጋዋል። ሰባት ዓመት፣ ቢበዛ ስምንት።»

«እስከዚያ አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። እኔም አውቄያለሁ፣ ጣጣው እሱ ነው» አሉና ለሶላት ታጥበው ውዱእ ሊያደርጉ ሄዱ።

የሚያውቁት ነገር ነበር፤ ለማንም አውርተውት አያውቁም። በሠላሳ ዓመታቸው በአንድ የገበያ መንደር ለውኃ ጉድጓድ የቅስት ጣሪያ ሠርተው ነበር። ዒድን ከእህታቸው ጋር ለመዋል ቸኮሉ። አርባው ቀን ሳይሞላ፣ «ቀኑ ሲሞላ እንጨቱን ማውጣት አደራ» ብለው ሄዱ። የመንደሩ ሰዎች «ኢንሻአላህ» አሉ፣ እንጨቱ ላይ ፍየል አሰሩበት፣ ረሱት፤ ምስጥ በላው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሸህ ቡሽራ በዚያ ሲያልፉ ጠማቸው። አንዲት ሴት በአንድ እጇ ቀድታ አጠጣቻቸው። የሌላው ክንዷ እጅጌ ባዶ ነበር። «የጉድጓዱ ቅስት ወርዶብኝ ነው» አለቻቸው ሳይጠይቋት። «የሠራው ሰው ጎበዝ ነበር ይላሉ። ሞቷል መሰለኝ፣ አላህ ይዘንለት።» ሸህ ቡሽራ ውኃውን ጨርሰው ጠጡ፣ አመስግነው ሄዱ። ስማቸውን አልነገሯትም።

ቅዳሜ የንጋቱ ሱብሂ ተሰግዶ ሲያበቃ የቅፍለቱ በቅሎዎች ከታችኛው በር ሥር ተሰልፈዋል። የሸህ ቡሽራ እቃ ተጭኗል። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ሙሄ፣ ሰባቱን ዓመት አብሯቸው የገነባው ሰው፣ ልጓሙን ይዞ ቆሟል።

«ሙሄ» አሉት፣ «እንጨቱን አንተ ታወጣዋለህ?»

ሙሄ መሬት መሬት አየ። «ሸህዬ፣ አልዋሽዎትም። በሥራው እደፍር ይሆናል። ሐጂ ነስሩ ‹አትንካ› ካለኝ ግን ምን እላለሁ? እኔ ነገም እዚሁ የምኖር ሰው ነኝ።» ትንሽ ቆየና ፊቱ በራ። «ለምን ዛሬውኑ አናወጣውም? እስከ ቀትር፣ እስከ ዝሁር እንጨርሳለን፣ ቅፍለቱን በመንገድ ይደርሱበታል።»

«አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

«ኖራው እኮ ከላይ ደርቋል።»

«ከላይማ እኔም ደርቄያለሁ» አሉ ሸህ ቡሽራ። «ለኔ መቸኮል ብሎ ኖራ አይደርቅም፣ ሙሄ።»

የቅፍለቱ መሪ «እንሂድ እንጂ!» እያለ ይጣራል። ሸህ ቡሽራ ተናደዱ። በማን እንደተናደዱ ግን አላወቁትም፤ በሐሩ፣ በነስሩ፣ ዘግይቶ በመጣው ድንጋይ፣ በራሳቸው «እሺ»። መሄድ ፈልገው ነበር። ይህን የሚያህል መሄድ ፈልገው አያውቁም። የከድጃ ድምፅ «ና» ሲል ይሰማቸዋል፤ በዓይናቸው ላይ ደግሞ ያቺ ባዶ እጅጌ አለች።

«እቃዬን አውርድ» አሉ።

ሙሄ አወረደ። ሸህ ቡሽራ ካባውን ከጫንቃቸው አውልቀው ለቅፍለቱ መሪ ሰጡት። «ለከድጃ አድርስልኝ። በላት፦ የጀመርኩት ሥራ ላይ ያልወጣ እንጨት አለ። ከወጣ በኋላ እመጣለሁ።»  በቅሎዎቹ በበሩ ወጥተው አቧራቸው እስኪረግፍ ቆመው አዩ።

ከዚያ ሃያ አንድ ቀን ነበር የቀረው። መጠበቅ ደግሞ ድንጋይ ከመሸከም ይከብዳል። ሸህ ቡሽራ ቁጭ ብለው መጠበቅ ስላልቻሉ ሙሄን አስከትለው ከሥራው የቀረውን ጣጣ ይለቅሙ ጀመር። ኖራ የሚበርድበትን ጉድጓድ አስደፈኑ፤ ለሰባት ዓመት ከብት እንዳይገባበት ሲጠበቅ የኖረ ጉድጓድ ነው። የተዋሱትን ገመድ፣ መሰላል፣ ገበታ፣ ገንዳ በየባለቤቱ ደጅ እያዞሩ መለሱ። አንዱ ባለ መሰላል «እኔ እኮ ረስቼው ነበር» ሲላቸው፣ «እኔም ብረሳው ደስ ባለኝ» አሉት። ከሠራተኞቹ ክፉ ቃል የተናገሯቸውን እየፈለጉ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ የተናገሩት ክፉ ቃል ደግሞ ጥቂት አልነበረም። ጣሪያው ላይ የዝናቡ መውረጃ የሚደፈንበትን ቦታ፣ ከግድግዳው ደካማውን ጎን፣ እሳቸው የተሳሳቱበትን አንድ ማዕዘን ሳይቀር ለሙሄ በጣታቸው አሳዩት።

«ይሄንን ስህተት እኔ አላየሁትም ነበር» አለ ሙሄ።

«ማንም አላየውም። ስለዚህ ነው የማሳይህ።»

ሐሩ ግን እንጨቱ ላይ ነበር። ሐጂ ነስሩ «ቅዳሜ አነሳዋለሁ» ያለው ቅዳሜ አለፈ፣ ሌላም ቅዳሜ ተከተለው።

በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ጣለ። ሸህ ቡሽራ ወደ ሸሪፋ ቤት ሄዱ። ጠማማዋ ግራር ከሦስት ዓመት በኋላ መሃሏ ላይ ተሰንጥቃለች፤ ሸሪፋ ገመድ ጠምጥማባታለች። ከሥሯ ሁለት ድስትና አንድ ባልዲ ተደርድረው የሚንጠባጠበውን ይቀበላሉ።

«ይግቡ ሸህዬ፣ ባልዲውን እንዳይረግጡት።»

ተቀመጡ። «አሥራ አንድ ቀን ቀረ» አሏት። «አሁን ላወጣው አልችልም። ነስሩ እሰጣለሁ ያለሽን ግንድ እስከዚያው ለምን አትቀበይውም?»

«የሱን ከተቀበልኩ የኔን ማን ያወጣዋል?» አለች ሸሪፋ። «እርስዎ እንደሆነ ደክሞዎታል፣ ሙሄ ይፈራል። የሚጨቀጭቅ ሰው ካልቀረ ያ እንጨት እዚያው ሐሩን እንደለበሰ ነው የሚበሰብሰው። እኔ ደግሞ ከድሮም ጭቅጭቅ አይከብደኝም።»

ሸህ ቡሽራ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ያንን የጉድጓዱን ነገር ነገሯት፤ ለምን ለእሷ እንደነገሯት እንጃ። ፍየሉን፣ ውኃውን፣ ባዶውን እጅጌ። ሸሪፋ ድስቱ ሲሞላ ብቻ ተነስታ እየደፋች አዳመጠቻቸው።

«አላህ መሃሪ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ነው።»

«እኔ ግን አውፍ ልልዎ አልችልም ሸህዬ። ክንዱ የኔ አይደለም።»

ሸህ ቡሽራ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለዓመታት ከኪታብ ሲፈልጉ የከረሙትን መልስ አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ባልዲ አጠገብ ቆማ ሰጠቻቸው። መልሱን ያውቁት ነበር፤ የሚላቸው ሰው ነው ያጡት።

በማግስቱ ወንዙ ሞላ የሚል ወሬ መጣ። የዚያን ቀን ከመግሪብ እስከ ዒሻ አላስቀሩም። ኪታቡን ገልጠው፣ ቆይተው ዘጉት።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ከሱብሂ በኋላ ሸህ ቡሽራ መዶሻቸውን ይዘው መጡና የመጀመሪያውን ሐር መፍታት ጀመሩ። ሐጂ ነስሩ እየሮጠ ደረሰ፤ ነጠላው በአንድ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሸህዬ! በአላህ ይተዉት! ቢወድቅስ? ሰባት ዓመት! ትልቁ ሸህ ያመሰገኑት እኮ ነው!»

«ቢወድቅ ዛሬ ይውደቅ፣ ሐጂ። ዛሬ ከሥሩ ያለሁት እኔ ነኝ። ምስጥ በልቶት ሲወድቅ ግን ከሥሩ የሚኖረው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ነስሩ ቀና ብሎ ቅስቱን አየ።

«ጁሙዓ ነው የሚሆነው» አሉ ሸህ ቡሽራ በቀስታ። «ሰው የሚበዛው ጁሙዓ ነው። ትንሿ ልጅህም ከሥሩ ትኖር ይሆናል። ይልቅ ያንን ጫፍ ያዝልኝና ሐርህን ጠቅልል። ጥሩ ሐር ነው፣ አይበላሽ።»

 ሐጂ ነስሩ ነጠላውን አስተካከለና ሐሩን መጠቅለል ጀመረ። 

ሰውን ሁሉ ራቅ አደረጉ። ከሽብልቆቹ አንዱን አንድ ጊዜ ይመታሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። አንዱን ቸኩሎ መንቀል ክብደቱን በሌላው ላይ መጣል ነው፤ ስድስቱም እኩል በጥቂት በጥቂቱ መውረድ አለባቸው። ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች። እንጨቶቹ ከድንጋዩ በፀጉር ያህል ራቁ። ያን ጊዜ ቅስቱ ድምፅ ሰጠ። እንደ ሳል ያለ ደረቅ ድምፅ። የኖራ ብናኝ በሸህ ቡሽራ ጢም ላይ ወረደ። ከሩቅ የቆመው ሕዝብ «ያ አላህ!» አለ። ድንጋዩ የጥፍር ውፍረት ያህል ተቀመጠና ቆመ።

ሸህ ቡሽራ ጠበቁ። ከዚያ መዶሻውን ለሙሄ ዘረጉለት።

«የመጨረሻዋን አንተ።»

«እኔ? ሸህዬ፣ የርስዎ ሥራ ነው እኮ።»

«እኔ የምሄድ ሰው ነኝ። ሰው ‹ማን አወጣው?› ሲል እዚህ የሚገኝ ሰው ይሁን።»

ሙሄ ቢስሚላህ ብሎ መታ። ሽብልቋ ወጣች። እንጨቶቹን አንድ በአንድ ጋደም አድርገው አስወጡ፤ ደጃፉ ሰፊና ባዶ ሆነ። ሸህ ቡሽራ የቅስቱ ልክ መሃል ላይ ሄደው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ ተቀመጡ። ደክሟቸዋል። ዝሁር እስኪደርስ ከዚያ አልተነሱም። መጀመሪያ መጥቶ አጠገባቸው የተቀመጠው ሐጂ ነስሩ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን መጣ።

ከሰዓት የዝግባውን ግንድ ስምንት ሰው ተሸክሞ ሸሪፋ ቤት አገባው። ከጎበጠው ጣሪያ ሥር አቆሙት፣ ሽብልቅ መቱበት፣ ጠማማዋ ግራር ወጣች። ሸሪፋ ግንዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «እንኳን ደህና መጣህ» አለችው። «ሐሩን እንኳ አልሰጡህም፣ ስስታሞች!» ከሳምንት በኋላ ሐጂ ነስሩ አንዱን ጣቃ ላከላት፤ ቤት ለቤት ቆራርጣ ለሴቶች የመስገጃ ሻሽ አደረገችው።

ሸህ ቡሽራ ክረምቱን በመስጂዱ ማዕዘን አሳለፉ። በመስከረም ማብቂያ የመጀመሪያው ቅፍለት መጣ። መሪው ከበቅሎው ወርዶ ሰላምታውን ሲያስረዝም ጊዜ ነገሩ ገባቸው።

«መቼ ነው?»

«በነሐሴ አጋማሽ። አላህ ይዘንላት። ካባውን ሰጠኋት፣ በእጇ ዳበሰችው። ቃልዎንም ነገርኳት። ‹ቡሽራ ቃሉን የሚያፈርስ ልጅ አይደለም፤ ከኔ በፊት ቃል የሰጠው ሰው ቢኖር ነው። አውፍ ብየዋለሁ በሉት› አለች። ካባውን ለብሳ ነው የሞተችው።»

ሸህ ቡሽራ «ኢንና ሊላህ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ከቅስቱ ሥር ተቀመጡ። ሙሄ፣ ነስሩና ሸሪፋ ለተዕዚያ፣ ሊያጽናኗቸው መጥተው ከበቧቸው። 

በሦስተኛው ቀን እቃቸውን በበቅሎ ጫኑ። ነስሩ ደነገጠ። «እህትዎ የሉም፤ ወዴት ነው የሚሄዱት ሸህዬ?»

«በመንገዱ ላይ አንድ የገበያ መንደር አለ። የውኃ ጉድጓድ አለው» አሉ። ሸሪፋን አዩዋት፤ እሷ ብቻ ገባት። «ስሜን ያልነገርኳት ሴት አለች። እሷም ሳትቀድመኝ ልድረስ።»

ሙሄ ልጓሙን ሲያቀብላቸው፣ «ሸህዬ፣ እኛን ምን ብለውን ይሄዳሉ?» አላቸው። ወደ ቅስቱ ዞር ብለው አዩና እንዲህ አሉ፦

«ሥራ ጨረሰ የሚባለው ድጋፉን አውጥቶ ከሥሩ የተቀመጠ ነው።»

ልጓሙንም ስበው በታችኛው በር ወጡ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኞቹ ቅስቱ ሲቆም ያቆማሉ። «ቆመ፣ አልሐምዱሊላህ!» ይሉና ከድጃን ይዘሏታል። እሷን ዘሎ ማውራት ታሪኩን ማርከስ ነው። በደንብ መጨረስ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም አንዳንዴ በማይመለስ ነገር ይከፈላል፣ ከፋዩም ጨራሹ ብቻ አይደለም። ሸህ ቡሽራ በሠላሳ ዓመታቸው ያልጨረሱትን በሰባ ዓመታቸው ከፈሉ፤ ከድጃም አብራ ከፈለች። ያኔ ዒድን ከእህታቸው ጋር ለመዋል የቸኮሉባቸው ቀኖች ተመልሰው መጡና በዚህኛው ክረምት እሷን ራሷን ወሰዱባቸው።

እኛስ? ሥራ መጀመር ደስ ይላል፣ ቢስሚላህ የማይል የለም። ምረቃም ደስ ይላል፣ ሥጋ አለው። ከምረቃው በኋላ ያለችው ቀን ናት የምትከብደው። የተዋስነውን የምንመልስባት፣ የከፈትነውን ጉድጓድ የምንደፍንባት፣ ስህተታችንን ለተተኪው በጣት የምናሳይባት፣ ማንም የማያጨበጭብባት ቀን። ያቺን ቀን ለመዝለል ስንል ነው ድጋፉን ሐር የምናለብሰው። እንግዳ መጥቶ «እንዴት ያማረ ምሰሶ!» ሲለን ደግሞ «የአላህ ተውፊቅ ነው» እንላለን፤ የራሳችንን ስንፍና በአላህ ስም እንጠራለን። አማና ማለት የተሰጠንን መጠበቅ ብቻ ይመስለናል። ጊዜው ሲደርስ ከእጅ ማውጣትም አማና ነው፤ ለባለቤቱ፣ ሳይጎድል፣ ሳይጠየቁ። ሲጠየቁ እንኳ የማይመልሱ ስላሉ ነው ሸሪፋን የመሰለች ጨቅጫቃ የምታስፈልገው፤ አላህ ከየሰፈሩ አያጥፋት።

ያቺ ባለ አንድ ክንድ ሴት ሸህ ቡሽራን ምን እንዳለቻቸው የነገረን የለም። አውፍ ብላቸው ይሆናል። ፊቷን አዙራባቸውም ይሆናል፤ ሐቋ ነው። የምናውቀው በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት፣ የሚጠብቃቸው ሰው በሌለበት መንገድ ላይ መውጣታቸውን ነው፤ ስማቸውን ሊነግሯት።